ለሽል የዘረመል ምርመራ የመጀመሪያ ቀጠሮ አለን፤ ምን ይዘን እንሂድ?

ማህደር_ሜሪላንድ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ ነን። ልጅ ገና የለንም። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ሄሞፊሊያ አለበት። ደሙ ቶሎ አይረጋም። ልጅ እያለ ትንሽ ከተጋጨ ጉልበቱ ውስጥ ይደማና ያብጥ ነበር። ዛሬ የግራ ጉልበቱ በደንብ አይታጠፍም። እናቴ ወጣትነቷን የጨረሰችው እሱን ይዛ ሆስፒታል ስትመላለስ ነው።

የማህፀን ሐኪሜ ይህን ስትሰማ ወደ ፈርቲሊቲ ክሊኒክ ላከችኝ። በአይቪኤፍ፣ ማለትም እንቁላሉን ከሰውነት ውጭ በማዳቀል፣ ሽል ይሠራል፣ ማህፀን ከመግባቱ በፊት በሽታው አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ይመረመራል። ፒጂቲ ይሉታል። ቀጠሯችን የሚቀጥለው ወር ነው። ባለቤቴ "እንሂድና እንስማቸው፣ ባለሙያዎቹ እነሱ ናቸው" ይላል። እኔ ግን ባዶ እጄን ገብቼ፣ እሺ እሺ ብዬ መውጣት አልፈልግም። ያለፈበት ሰው ካለ ምን እናዘጋጅ? ምንስ እንጠይቅ?

ነርሷ_ቨርጂኒያ

እህቴ፣ የዘረመል ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ሽሉ ከማውራትሽ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። አንቺ ራስሽ ተሸካሚ፣ ማለትም የበሽታውን ጂን ለልጅ ልታስተላልፊ የምትችዪ፣ መሆንሽ ተረጋግጧል?

ብዙ ሰው ይህችን ይዘላታል። የሄሞፊሊያ ጂን ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። እናትሽ ተሸካሚ ከሆነች አንቺም ተሸካሚ የመሆን ዕድልሽ ግማሽ በግማሽ ነው። ተሸካሚ ከሆንሽ ደግሞ ከሚወለዱልሽ ወንዶች እያንዳንዱ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው፣ ከሴቶቹ እያንዳንዷ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። ካልሆንሽስ? ያን ጊዜ ለዚህ በሽታ ብለሽ አይቪኤፍም ፒጂቲም አያስፈልግሽም። ያ ሁሉ መርፌና ያ ሁሉ ገንዘብ ቀረልሽ ማለት ነው።

"ደሜን አስመርምሬ ፋክተሬ (ደም የሚያረጋው ፕሮቲን) ኖርማል ነው ተብያለሁ" የሚሉ አሉ። በቂ አይደለም። ተሸካሚ ሆና የፋክተር መጠኗ ኖርማል የሆነ ሴት ሞልታለች። ቁርጡን የሚነግርሽ የጂን ምርመራው ነው።

ሁለተኛ፣ የወንድምሽ ሄሞፊሊያ ኤ ነው ቢ? ከባድ ነው መካከለኛ? የትኛው ሚውቴሽን (በሽታውን ያመጣው የጂን ለውጥ) እንደሆነስ በወረቀት አላችሁ?

ማህደር_ሜሪላንድ

ኤ ነው፣ ፋክተር 8። ከእናቴ ጋር ያለው ወረቀት ላይ "ከ1 በመቶ በታች" ይላል። ከባድ የሚባለው ነው መሰለኝ። ሚውቴሽን የሚል ነገር ግን የትም አላየሁም። እኔም የጂን ምርመራ አድርጌ አላውቅም። ልክ ነሽ፣ ሁሉም ሰው ዘሎ ወደ ሽሉ ነው የሄደው።

ነርሷ_ቨርጂኒያ

ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ከባድ ነው፣ አዎ።

እንግዲህ ይህችን በደንብ ያዢልኝ። ከከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ታማሚዎች ግማሽ ሊሞሉ ትንሽ የቀራቸው በሽታው የመጣባቸው የጂኑ አንድ ትልቅ ቁራጭ ተገልብጦ በመቀመጡ ነው። ኢንትሮን 22 ኢንቨርዥን ይባላል። ተራው የጂን ንባብ ፊደል በፊደል እያየ ስለሚሄድ ይህን ግልባጭ አያየውም። ፊደሎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸዋ! ራሱን የቻለ ምርመራ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ክሊኒክ በመቶ የሚቆጠሩ በሽታዎችን በአንድ ጊዜ የሚያይ ጥቅል ምርመራ ሰጥቶሽ "ምንም አልተገኘም" ቢልሽ እንዳትሸወጂ። "ኢንቨርዥን 22ን አይታችኋል? ኢንቨርዥን 1ንስ?" ብለሽ ጠይቂ።

በተቻለ መጠን መጀመሪያ የሚመረመረው ወንድምሽ ነው። እሱ ላይ የተገኘው ሚውቴሽን ከዚያ አንቺ ላይ ይፈለጋል። እሱ ላይ ታውቆ አንቺ ላይ ከጠፋ "የለብሽም" የሚለው መልስ አስተማማኝ ይሆናል። የእሱ ሳይታወቅ አንቺን ብቻ ቢመረምሩና ባይገኝ ግን፣ የለም ማለት ነው ወይስ አላገኙትም?

ቦሌ_ሚካኤል

ሰላም እህት። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ የእህቴ ልጅ ያው በሽታ አለበት። የወንድምሽ ፋይል ጥቁር አንበሳ ከሆነ ኮፒ ጠይቂ። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኚው ግን የፋክተር መጠኑን ነው፣ ጂኑን አይደለም።

ናሙና ለመላክ ካሰብሽ ከዘመድ ጋር በሻንጣ ብለሽ እንዳትሞክሪ። መጀመሪያ ለላቦራቶሪው ደውዪ። ደም ነው የሚቀበሉት ወይስ ምራቅ? ከኢትዮጵያ የሚመጣ ናሙና ይወስዳሉ? ምን ፎርም ይሞላል? ምራቅ ከሆነ እቃውን እነሱ ይልኩልሻል፣ ይህ ለወንድምሽም ይቀለዋል። ለእሱ መርፌ መወጋት ቀላል ነገር አይደለም። አጎቱም እናቱም ሳይሆን ራሱ ፈርሞ መስማማት እንዳለበትም አትርሺ።

የአራት_ልጆች_እናት

ልጄ፣ እኔ የሕክምናውን ነገር አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ለእናትሽ ደውዪና ስለ ወንድሞቿ ጠይቂያት። በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ የሞተ አለ? እንጥሉን ሲቆረጥ ደም ፈሶት የቀረ አለ? ጥርሱ ሲወልቅ ሦስት ቀን የደማ አለ? በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ሞት ምች ነው፣ የሰው ዓይን ነው፣ ተብሎ ነው የሚቀበረው። ስሙም አይነሳም። ካልጠየቅሻት አትነግርሽም።

የናሆም_አባት

እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ የቀጠሮውን ግማሽ ነው የነገሩን።

እኔና ባለቤቴ ለንደን ውስጥ በዚህ መንገድ አልፈናል። የእኛ በሽታ ሌላ ነው፣ ከሁለታችንም የሚመጣው ዓይነት። የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ የዘረመል አማካሪዋ አንድ ነጭ ወረቀት አውጥታ ትሥል ጀመር። ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ። የታመመው ይጠቆራል፣ የሞተው በላዩ ላይ መስመር ይሰመርበታል። ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ትሄዳለች። "የአያትህ ወንድሞች ስንት ናቸው? በስንት ዓመታቸው ሞቱ? በምን? የተጨናገፈ ጽንስ አለ? ወላጆችህ ይዛመዳሉ?" እኔ ዝም። ከአባቴ ወገን እስከ ሰባት ቤት መቁጠር እችላለሁ፣ በምን እንደሞቱ ግን አንዱንም አላውቅም።

ስለዚህ ያንን ወረቀት ቤት ሳላችሁ ሥሩት። ለአክስቶቻችሁ ደውሉ። ባለቤትሽ ደግሞ የእሱን ወገን ይሙላ። ሄሞፊሊያው በአንቺ በኩል ቢሆንም በእሱ ወገን ሌላ ነገር ካለ አሁን ነው መታወቅ ያለበት።

አስተያየት_አለኝ

ይቅርታ አድርጉልኝና ልጅ እንደ ሸቀጥ ተመርጦ የሚወሰድ ሆነ? ሄሞፊሊያ ዛሬ መድኃኒት አለው። ወንድሟ ይህን ቢያነብ ምን ይሰማዋል? እሱም እኮ ሰው ሆኖ እየኖረ ነው።

ማህደር_ሜሪላንድ

ወንድሜን ራሱን ጠይቄዋለሁ። ከማንም በፊት። "እኔ መኖሬን አልጠላሁም፣ ጉልበቴን ነው የጠላሁት" አለኝ። ከዚያ ደግሞ "ናሙና ከፈለግሽ ንገሪኝ" አለ። ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

ስለ መድኃኒቱ የተናገርከው ግን ልክ ነው፣ እኔንም ያስጨንቀኛል።

ነርሷ_ቨርጂኒያ

ጥያቄው ሻካራ ቢሆንም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ቀጠሮው ላይም መነሳት አለበት። ኤሚሲዙማብ የሚባለው መድኃኒት እዚህ አሜሪካ ከ2018 ጀምሮ ለብዙዎቹ የሄሞፊሊያ ኤ ታማሚዎች ተፈቅዷል። በደም ሥር ሳይሆን በቆዳ ሥር ይወጋል፣ በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ። እዚህ የሚወለድ ልጅና አዲስ አበባ የተወለደው ወንድሟ አንድ ዓይነት ሕይወት አይኖራቸውም። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው፣ ኢንሹራንስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ግን አለ።

ማህደር፣ አማካሪዋ ፒጂቲን ብቻ ካወራችሽ ሌሎቹን መንገዶች አንቺ አንሺባት። በተፈጥሮ አርግዞ ከ10ኛው ሳምንት በኋላ ከእናት ደም ጾታውን ማወቅ ይቻላል። ሴት ከሆነች ብዙዎች ሌላ ምርመራ አይጨምሩም። ወንድ ከሆነ ከ10 እስከ 13 ሳምንት ባለው ጊዜ ከእንግዴ ልጁ፣ ወይም ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ከእንሽርት ውኃው ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። ደግሞ ምንም ሳይመረምሩ፣ ወንድ እንደሆነ ብቻ አውቀው፣ አዋላጆቹ ሕፃኑን በቫኪዩም ወይም በመቆንጠጫ እንዳይስቡት አስቀድመው ነግረው የሚወልዱም አሉ። እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ጭንቅ አለው። የጽንስ ምርመራው የታመመ ነው ካለ ቀጥሎ ምን ታደርጋላችሁ? ይህን ባልና ሚስት ቤት ውስጥ ተነጋግራችሁ ግቡ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳትከራከሩ።

የናሆም_አባት

ሌላም ቤት ውስጥ የሚያልቅ ነገር አለ። በሄሞፊሊያ የሽሉ ውጤት አራት ዓይነት ነው። ጤነኛ ወንድ፣ ታማሚ ወንድ፣ ከነጭራሹ የሌለባት ሴት፣ ተሸካሚ ሴት። ሦስቱ ቀላል ናቸው። አራተኛዋስ? ተሸካሚ ሴት ሽል ብቻ ብትተርፋችሁ ታስገባላችሁ? አንዳንዱ "እኔም ተሸካሚ ነኝ፣ ምን ሆንኩ?" ይላል። አንዳንዱ ደግሞ "ልጄ የእኔን ጭንቀት እንድትወርስ አልፈልግም" ይላል። ክሊኒኩም የራሱ ፖሊሲ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ።

ታሪኩን ካወቅሽ ደግሞ ጥያቄሽ ይሳላል። በዚህ ምርመራ የመጀመሪያዎቹ ልጆች የተወለዱት 1990 እ.ኤ.አ. ነው፣ እዚሁ ለንደን፣ ሐመርስሚዝ ሆስፒታል በአለን ሐንዲሳይድ ቡድን። በኤክስ ክሮሞዞም የሚመጣ በሽታ ያለባቸው ቤተሰቦች ነበሩ። ያኔ ማየት የሚችሉት ጾታን ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ሴት ሽሎችን ብቻ አስገቡ። ጤነኛው ወንድ ሽልም አብሮ ይጣል ነበር ማለት ነው። ዛሬ ሚውቴሽኑ ራሱ ይመረመራል። "የእኛን ሚውቴሽን በቀጥታ ታዩታላችሁ ወይስ ጾታን ብቻ ነው የምትለዩት?" በሉ። ወረቀቱን ቀድመሽ ይዘሽ ከሄድሽ መልሱ ግልጽ ይሆናል።

ዳላስ_ላይ_ያለሁ

ከተሞክሮ ስለ ቁጥር ልናገር፣ ማንም ስላልነገረኝ። ብዙ እንቁላል ወጣ ሲሉሽ ብዙ ልጅ እንዳይመስልሽ። ሁሉም የበሰለ አይሆንም። የበሰለውም ሁሉ አይዳቀልም። የተዳቀለውም ሁሉ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ቀን አይደርስም። ምርመራው የሚደረገው እዚያ ለደረሱት ነው። ከውጭኛው ሽፋን፣ በኋላ እንግዴ ልጅ ከሚሆነው፣ ጥቂት ሴሎች ይወስዱና ሽሉን አቀዝቅዘው ያስቀምጡታል። ከዚያ ውጤት መጠበቅ ነው። ተሸካሚ ከሆንሽ በአማካይ ሩቡ ታማሚ ወንድ ነው። "ውጤት አልሰጠም" የሚባልም አለ። ምንም የሚገባ ሽል ሳይገኝ የሚያልቅ ዙርም አለ።

ስለዚህ "በእኔ ዕድሜና በእኔ የእንቁላል ክምችት፣ ከአንድ ዙር ስንት የሚገባ ሽል ትጠብቃላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። ክሊኒኩ ድረ ገጹ ላይ የለጠፈውን ጠቅላላ በመቶኛ ሳይሆን የአንቺን። የአንድ ክሊኒክ ሐኪም ይህን ስጠይቀው "አይዞሽ፣ አዎንታዊ ሁኚ" አለኝ። ወጥቼ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ።

ማህደር_ሜሪላንድ

እናቴን አዋየኋት። እማማ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መጀመሪያ "ምን ልታደርጊው ነው" ብላ ተቆጣች። ከዚያ ቆይታ ራሷ ደወለች። ታላቅ ወንድሟ በክርስትናው ሰሞን ነው የሞተው። ከግርዛቱ በኋላ ጨርቅ ሲቀየርለት ሲቀየርለት አደረ፣ ነግቶም አልቆመም አለችኝ። ስሙን እንኳ ዛሬ ነው የሰማሁት። ይህ ምን ማለት ነው?

ነርሷ_ቨርጂኒያ

ነፍሱን ይማር።

በሽታው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ከታማሚዎች ሲሶ የሚሆኑት የቤተሰብ ታሪክ የላቸውም። የእናትሽ ወንድም የሞተው በዚያው በሽታ ከሆነ ግን ወንድምሽ የመጀመሪያው አይደለም። በሽታው በአያትሽ በኩል ነው የወረደው፣ እናትሽም ተሸካሚ ናት። ያንቺ ግማሽ በግማሽ እንዳለ ነው፣ የሚወሰነው በምርመራ ብቻ ነው። ያንን አጎትሽን አማካሪዋ ሥዕል ላይ አስገቢው። "በሕፃንነቱ፣ ከግርዛት በኋላ ደም አልቆም ብሎት" ብለሽ እንዳለ ንገሪያት።

ከወንድምሽ ናሙና ማምጣት ቢከብድ የእናትሽም ይጠቅማል። ላቦራቶሪው ለሽሎቻችሁ የሚሆን የራሳችሁን ምርመራ ሲያዘጋጅ ሚውቴሽኑን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉ ምልክቶችንም ይከታተላል፣ ከጥቂት ሴል ሲነበብ ስህተት እንዳይገባ። ለዚያ የቤተሰብ ናሙና ይፈልጋል። ይህ ዝግጅት ሳምንታት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ዝግጅቱ ሳያልቅ የሆርሞን መርፌ ጀምሪ ካሉሽ "ለምን?" በይ።

ሌላ፣ "ክሮሞዞሙንም አብረን እንቁጠርላችሁ" ብለው ፒጂቲ-ኤ ይጨምሩልሻል። አንቺ የመጣሽበት ፒጂቲ-ኤም ነው፣ ያንን አንዱን የጂን በሽታ የሚፈልገው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ ሒሳባቸውም ለየብቻ ነው።

የናሆም_አባት

ለዚያች ጭማሪ፣ የእንግሊዝ ተቆጣጣሪው ኤችኤፍኢኤ ለአብዛኛው ታካሚ ልጅ የማግኘት ዕድልን በመጨመር በኩል ቀይ (አይጠቅምም፣ ሊጎዳም ይችላል)፣ የጽንስ መጨናገፍን በመቀነስ በኩል አረንጓዴ (ይጠቅማል) ነው የሰጣት። ዕድሜሽን አይተው ለምን ለአንቺ እንደሚመክሩት ያስረዱ።

እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ፣ ኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ) መስፈርቱን ላሟላ ጥንድ እስከ ሦስት ዙር ፒጂቲ-ኤም ይሸፍናል። ሴቷ ከ40 ዓመት በታች፣ ሁለቱም የማያጨሱ፣ አብረው የወለዱት ጤነኛ ልጅ የሌላቸው፣ የክብደት መለኪያም አለ።

ረሆቦት_ነኝ

እኛ ጋ እስራኤል ውስጥ አይቪኤፍ እስከ ሁለት ልጅ፣ ሴቷ 45 ዓመት እስኪሞላት በኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቱ) ይሸፈናል። ለከባድ የዘር በሽታ የሽሉ ምርመራም አለበት። የአሜሪካኖቹን ዋጋ ሳይ ይደንቀኛል።

ዳላስ_ላይ_ያለሁ

አዎ፣ እኛ ጋ እንባ ነው። አንድ ዙር ከ15 ሺህ ዶላር በላይ፣ መድኃኒቱ ለብቻ፣ የላቦራቶሪው ዝግጅት ለብቻ፣ ሽሉን አቀዝቅዞ ማስቀመጫው በዓመት ለብቻ። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ዘርዝረው እንዲሰጡሽ ጠይቂ።

ማህደር፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኢንሹራንስ አይቪኤፍን እንዲሸፍን የሚያስገድድ ሕግ ከ1985 ጀምሮ አለ። ግን ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ከራሳቸው ካዝና ስለሚከፍሉ የስቴቱ ሕግ አይነካቸውም። የባለቤትሽን ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) "ፕላናችን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከካዝናው የሚከፍለው ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞም መካን ሳትሆኑ ለዘረመል ብላችሁ ስትጠይቁ ይሸፍናል ወይ? ለየብቻ ጥያቄ ነው።

አንድም የሕይወት ኢንሹራንስ ከፈለግሽ ከምርመራው በፊት አስቢበት። ጂና የሚባለው የ2008 ሕግ የጤና ኢንሹራንስና አሠሪ በዘረመል ውጤትሽ እንዳይበድሉሽ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይጨምርም።

የአራት_ልጆች_እናት

የሚተርፉት ሽሎችስ ምን ይሆናሉ? እኔን የሚከብደኝ እሱ ነው።

ማህደር_ሜሪላንድ

እኔንም እማማ። የንስሐ አባቴን ላነጋግር ነው፣ ከቀጠሮው በፊት። ክሊኒኩንም ጥቂት እንቁላል ብቻ ማዳቀል ይቻል እንደሆነና የተረፈው በማን ውሳኔ እንደሚቆይ እጠይቃለሁ። የስምምነት ፎርሙን ቀድመው በኢሜይል እንዲልኩልኝ ነግሬያቸዋለሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር። ባለቤቴ እንግሊዝኛው ደህና ነው፣ እሱ ያስተርጉምልኝ ይሆን?

ነርሷ_ቨርጂኒያ

አይሆንም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ዛሬውኑ ደውለሽ "አማርኛ" በይ፣ ካላስመዘገብሽ በዕለቱ ላይገኝ ይችላል። ባልሽ ራሱ ታካሚ ነው፣ እሱም መስማትና መጠየቅ አለበት። ደግሞ የሚከብደውን ቃል አለሳልሶ ነው የሚነግርሽ፣ ባሎች እንደዚያ ናቸው።

የመጨረሻ። የጂን ምርመራሽን ስታደርጊ የራስሽን ፋክተር 8 መጠንም አብረሽ አስለኪ። አንዳንድ ተሸካሚ ሴቶች የእነሱም መጠን ዝቅ ያለ ነው። እንቁላል የሚወጣው በመርፌ ነው፣ ሊደማ ይችላል። መጠንሽ ዝቅ ካለ የደም ሐኪም ከፈርቲሊቲው ጋር ተነጋግሮ አስቀድሞ ዕቅድ ያወጣል። ወር አበባሽ ብዙ ይፈሳል? ጥርስ ስትነቀይ ደምተሽ ታውቂያለሽ? እሱንም ጻፊው።

ማህደር_ሜሪላንድ

ወር አበባዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስምንት ቀን ነው። የሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ነርሷ_ቨርጂኒያ

ቀጠሮውን አትጠብቂ። ነገ ለማህፀን ሐኪምሽ ደውዪና ወደ ደም ሐኪም ሪፈራል ጠይቂ።